ሴንትራል ፓርክ የማን ነው?

ጥቅምት መገባደጃ ላይ የሚካሄደውን የኒው ዮርክ ማራቶን በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች አይረሳም። ሯጮቹ አምስቱንም የከተማዋን ክፍሎች አዳርሰው፣ በፎቅ መሀል ሲሮጡ ቆይተው፣ ድንገት ቅጠሉ ቢጫና ቀይ የሆነ ዛፍ ውስጥ ይገባሉ። መንገዱ ዳገት ቁልቁለት ነው፤ እግር የዛለው እዚያ ይለያል። ደራርቱ ቱሉ በ2009፣ ገብሬ ገብረማርያም በ2010፣ ፍሬሕይወት ዳዶ በ2011፣ ሌሊሳ ዴሲሳ በ2018፣ ታምራት ቶላ በ2023 ሪባኑን የበጠሱት እዚያው ዛፍ መሀል ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታምራት የገባበት 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ የውድድሩ ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል።

ቦታው ሴንትራል ፓርክ ነው። ብዙ ሰው ማንሃተን ላይ ፎቅ ከመሠራቱ በፊት የነበረ ጫካ ተርፎ የቀረ ይመስለዋል። አይደለም። ኩሬው የተቆፈረ፣ አፈሩ የተጋዘ፣ ዛፉ በሰው እጅ የተተከለ ነው። ደግሞ ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ሰው ይኖርበት ነበር።

ስለዚህ ፓርክ ሲወራ ብዙ ጊዜ ውበቱ ነው የሚነሳው። እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ማን ነው የሚያዝበት? ከ160 ዓመት በላይ ሆኖትም ጥያቄው አልተዘጋም። ዛሬም በፈረስ ጋሪ፣ በኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ በሀብታሞች ልገሳና በሰማይ ጠቀስ ፎቆች ጥላ ሰበብ እየተነሳ ነው።

ከስፋቱ እንጀምር። ፓርኩ ወደ 341 ሄክታር ነው። ከ59ኛው ጎዳና እስከ 110ኛው ጎዳና ይዘልቃል፤ ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 800 ሜትር ገደማ ነው። በዓለም ላይ መሬት እጅግ ውድ ከሆነባቸው ቦታዎች አንዱ ላይ ይህን ያህል ቦታ ሳይሸጥ መቆየቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ መጀመሪያ አልታሰበም። በ1811 የወጣው የከተማዋ ፕላን ማንሃተንን በቀጥታ መስመር እየቆራረጠ ሲሄድ ይህን የሚያህል ፓርክ አልተወላትም። ሕዝቡ በበዛ ቁጥር ሰው አየር የሚወስድበት አጣ። ቤተሰብ እሁድ እሁድ ምሳውን ይዞ ወደ መቃብር ቦታ ይሄድ ነበር፤ ብሩክሊን ያለው ግሪንዉድ የመቃብር ስፍራ ዛፍና ሳር ስላለው የታወቀ መዝናኛ ሆኖ ነበር። ዊልያም ከለን ብራያንት የተባለው ገጣሚና የጋዜጣ አዘጋጅ በ1844 ከተማዋ ፓርክ ያስፈልጋታል ብሎ መጻፍ ጀመረ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1853 የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም እንዲወሰድ ሕግ አወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

በመሬቱ ላይ ወደ 1,600 ሰዎች ይኖሩ ነበር። እኛ የልማት ተነሺ የምንላቸው ማለት ነው። ከእነሱ መሀል ሴኔካ ቪሌጅ የምትባል መንደር ነበረች፤ ዛሬ ከ82ኛው እስከ 89ኛው ጎዳና ባለው የፓርኩ ምዕራባዊ ክፍል። በ1825 አንድሩ ዊሊያምስ የሚባል ጫማ በመጥረግ የሚተዳደር የ25 ዓመት ጥቁር ወጣት እዚያ ሦስት ቦታ በ125 ዶላር ገዛ። ኤፒፋኒ ዴቪስ የሚባል የሱቅ ሠራተኛ 12 ቦታ በ578 ዶላር ገዛ። ኤ.ኤም.ኢ. ዛዮን የተባለችው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያንም ገዛች። ልብ በሉ፣ በኒው ዮርክ ባርነት ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1827 ነው። እነዚህ ሰዎች መሬት የገዙት ከዚያ በፊት ነው።

መሬት መግዛቱ ለእነሱ መጠለያ ብቻ አልነበረም። በጊዜው ሕግ ጥቁር ወንድ ለመምረጥ 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ሊኖረው ይገባል፤ ነጭ ወንድ ላይ ይህ ግዴታ አልነበረም። ስለዚህ ሴኔካ ቪሌጅ ላይ ቦታ ያለው ጥቁር የመምረጥ ተስፋ ነበረው። በ1855 መንደሯ ወደ 225 ነዋሪዎች ነበሯት። ሁለት ሦስተኛው ጥቁሮች፣ የቀሩት አብዛኞቹ ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ሦስት አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤት ነበራት፤ የመቃብር ቦታም ነበራት።

ጋዜጦች ግን ስለዚህ ሁሉ አልጻፉም። ነዋሪዎቹን ሕገ ወጥ ሰፋሪ፣ ቤታቸውንም ጎጆ እያሉ ነበር የሚያወሩት። ካርታ ያለው ባለይዞታ ጨረቃ ቤት እንደሠራ ሰው ተቆጠረ። ይህ ወሬ መንገዱን ጠረገ። በ1857 ሁሉም ወጡ። ለባለይዞታዎች ካሳ ተከፍሏል፤ አንድሩ ዊሊያምስ ለቤቱና ለሦስቱ ቦታዎች 3,500 ዶላር ጠይቆ 2,335 ዶላር ተሰጠው። ተከራይ የነበረው ግን ባዶ እጁን ሄደ። ማኅበረሰቡ ተበተነ፤ ሌላ ቦታ ላይ አልተሰበሰበም። ለእኔ ከገንዘቡ የከፋው ይኸኛው ነው። ለቤት ዋጋ ይወጣለታል፤ ለጎረቤት ግን የካሳ ተመን የለም።

በ2011 አርኪዮሎጂስቶች ቦታውን ቆፍረው የአንድ ቤት መሠረት፣ የብረት የሻይ ማንቆርቆሪያና የልጅ ጫማ አገኙ። ደህና ኑሮ የነበራቸው ሰዎች ዕቃ ነው። ከ100 ዓመት በላይ የዚያ መንደር ታሪክ ጉብኝት ላይ እንኳ አይነሳም ነበር፤ በ2019 ነው በቦታው ላይ ታሪኩን የሚናገሩ ሰሌዳዎች በሰፊው የቆሙት።

ወደ ግንባታው እንሂድ። የዲዛይን ውድድር ወጥቶ 33 ሥራዎች ቀረቡ። በ1858 ያሸነፉት ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ ናቸው። ኦልምስቴድ በጊዜው የፓርኩ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ቮክስ ከእንግሊዝ የመጣ አርክቴክት ነው። ሁለቱ ያመጡት ትልቁ ብልሃት ከመንገዱ ላይ ነው። ውድድሩ ከተማውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጡ አራት መንገዶች በፓርኩ ውስጥ እንዲያልፉ ያዝዝ ነበር። እነሱ መንገዶቹን ከመሬቱ ዝቅ አድርገው ቀበሯቸው። በላያቸው ድልድይ ሠርተው ድልድዩን ሳርና ዛፍ አለበሱት። ያኔ የሚያልፈው የፈረስ ጋሪ ነበር። ዛሬ በ65ኛው፣ በ79ኛው፣ በ85ኛውና በ97ኛው ጎዳና አውቶቡስና ታክሲ በዚያው በተቀበረው መንገድ ይሄዳል፤ ሳሩ ላይ የተጋደመው ሰው ከሥሩ መኪና እንደሚያልፍ ብዙም አያስተውልም። እግረኛው፣ ፈረሰኛውና ባለጋሪውም ሳይጋጩ እንዲሄዱ የየራሳቸው መንገድ ተሠራላቸው።

ረግረጉ በቧንቧ ደረቀ፤ ለም አፈር ከኒው ጀርሲ መጣ፤ ድንጋዩ በባሩድ ተፈለጠ። ሥራው ገና ሳያልቅ፣ በ1858 ክረምት ሰው በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ሊንሸራተት ጎረፈ። ሁሉም ነገር ተጠናቀቀ የተባለው በ1876 ነው።

ታዲያ ለማን? ወረቀት ላይ ለሁሉም። መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ግን ፓርኩ በዋናነት የባለጋሪዎች ነበር። ድሃው ሠራተኛ የሚኖረው ከከተማው ደቡባዊ ጫፍ፣ ከፓርኩ ብዙ ርቆ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል፤ የትራንስፖርቱ ዋጋ ለቤተሰብ ይከብዳል። መጥቶም ቢሆን ሳሩን መርገጥ አብዛኛው ቦታ ላይ ክልክል ነበር። ከተማው ወደ ሰሜን እያደገ ሲሄድና ትራንስፖርቱ ሲረክስ ነው ሕዝቡ ቀስ በቀስ የገባበት፤ ከዚያም ኳስ ልጫወት፣ እሁድ ሙዚቃ ይሁንልኝ እያለ ደንቡን ያስለወጠው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሌላ ነገር መጣ። ዛሬ ግሬት ሎን የሚባለው ሰፊ ሜዳ ያለበት ቦታ የውሃ ማጠራቀሚያ ነበር፤ ሲደርቅ ጉድጓዱ ባዶውን ቀረ። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ሥራ ያጡ ሰዎች እዚያ ጨረቃ ቤት ሠሩ። መካከላቸው ግንበኞች ስለነበሩ አንዱ ቤት በጡብ የተገነባ ነበር። መንደሩ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ።

ከዚያ ሮበርት ሞዝስ መጡ። በ1934 የከተማዋ የፓርኮች ኃላፊ ሆነው ተሹመው እስከ 1960 ቆዩ። ሺፕ ሜዶው በሚባለው ሜዳ ላይ ከ1860ዎቹ ጀምሮ በግ ይግጥ ነበር፤ ሞዝስ በጎቹን አስወጥተው በረቱን ታቨርን ኦን ዘ ግሪን የሚባል ምግብ ቤት አደረጉት። የማራቶኑ መጨረሻ ዛሬ እዚያ አጠገብ ነው። የልጆች መጫወቻዎችን አበዙ፤ የኳስ ሜዳ ሠሩ። ሥራቸው ትልቅ ነው። ግን ማንንም አይሰሙም ነበር። በ1956 ለዚያው ምግብ ቤት መኪና ማቆሚያ ሊያስፋፉ ዛፍ መቁረጥ ሲፈልጉ፣ የሰፈሩ እናቶች የሕፃን ጋሪ እየገፉ ዶዘሩ ፊት ቆሙ። ሞዝስ በሌሊት ቦታውን አጥር አሳጥረው ሥራውን አስጀመሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ጋዜጦች በየቀኑ የእናቶቹን ፎቶ አወጡ። በመጨረሻ ሞዝስ እጅ ሰጡ፤ ቦታው የልጆች መጫወቻ ሆነ። በዚያ ዘመን ሞዝስን ያሸነፈ ሰው ብዙ አይደለም።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። በ1975 ኒው ዮርክ ልትከስር ጫፍ ደርሳ ነበር። ገንዘብ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቆረጠው የፓርክ በጀት ነው፤ ይህ የትም ቢሆን ያው ነው። ሺፕ ሜዶው ሳሩ አልቆ አቧራ ሆነ። ቤልቬዴር የሚባለው ትንሽ ግንብ ተዘጋ። አግዳሚ ወንበሩ ተሰባበረ፣ ድንጋዩ በቀለም ተሞነጫጨረ። ሰው ከመሸ መግባት ፈራ።

ዛሬ ያለው አሠራር የተወለደው ከዚያ ውድቀት ነው። በ1980 ሴንትራል ፓርክ ኮንሰርቫንሲ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተቋቋመ፤ መሥራቿ ኤልሳቤጥ ባርሎው ሮጀርስ ናት። ከሀብታሞችና ከተራው ሰው ገንዘብ እየሰበሰበ ሜዳውን፣ ድልድዩን፣ ሐይቁን በየተራ አደሰ። ፓርኩን በቀጠና ከፋፍሎ ለየቀጠናው ተጠሪ አትክልተኛ መደበ፤ ቅጠል ሲጠወልግ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። ይህ አሠራር ቀላል ይመስላል እንጂ ፓርኩን ያዳነው እሱ ይመስለኛል። በ1998 ከከተማዋ ጋር የአስተዳደር ውል ፈረመ። ከዓመታዊ ወጪው አብዛኛው ከልገሳ የሚመጣ ነው። በ2012 ጆን ፖልሰን የተባሉ ባለሀብት ብቻቸውን 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ።

መሬቱ የከተማዋ ነው። ሕግ የሚያወጣው፣ ፈቃድ የሚሰጠው የከተማዋ አስተዳደር ነው። በየቀኑ ግን ፓርኩን የሚያስተዳድረው ድርጅቱ ነው። ውጤቱ በዓይን ይታያል፤ በዓመት ወደ 42 ሚሊዮን ጊዜ ሰው ይገባበታል፣ ግን ሳሩ አረንጓዴ ነው። ምስጋና ይገባዋል፤ እዚህ ላይ አላንገራግርም።

ግን ሳሩ ውድ ሲሆን ሰውን ከሳሩ የማራቅ ነገር ይመጣል። ጁን 12 ቀን 1982 የኒውክሌር መሣሪያ ይቁም ያሉ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ሴንትራል ፓርክ ተሰብስበው ነበር። ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ኒው ዮርክ ላይ ሲካሄድ የኢራቅን ጦርነት የሚቃወሙ ሰዎች ግሬት ሎን ላይ ለመሰብሰብ ፈቃድ ጠየቁ። ከተማዋ ከለከለች። ምክንያቱ? ሳሩ ይጎዳል። ሜዳው በ1990ዎቹ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የታደሰ ነው፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2008 በስምምነት አለቀ። ሳር እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ ሩብ ሚሊዮን ሰው የቆመበት ሜዳ ወራት ይፈልጋል። ሆኖም የሕዝብ ሜዳ ላይ የሕዝብ ድምፅ ከሳር ካነሰ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ሳር ይበቅላል።

አሁን ፓርኩ እንዴት ነው የሚሠራው? ጠዋት ጠዋት የሯጭ ነው። ዋናውን የውሃ ማጠራቀሚያ የሚዞረው 2.5 ኪሎ ሜትር መንገድ ሳይነጋ ይሞላል። ማራቶኑም መጀመሪያ የተወለደው እዚሁ ነው፤ በ1970 ሲጀመር 127 ሰዎች ፓርኩን እየዞሩ ሮጠው 55ቱ ብቻ ጨረሱ። ጎዳና ላይ የወጣው በ1976 ነው። ቀን ላይ ቱሪስቱ፣ ሕፃን የያዘው፣ ምሳውን ይዞ የሚመጣው የቢሮ ሠራተኛ ይቀጥላል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ዝግ ነው።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ፤ ፓርኩ ውስጥ ከጠፋችሁ የመብራት ምሰሶው ላይ ያለውን ትንሽ ሰሌዳ እዩ። አራት አኃዝ ተጽፎበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአቅራቢያው ያለውን ጎዳና ይናገራሉ፤ የመጨረሻው ሙሉ ቁጥር ከሆነ ወደ ምሥራቅ፣ ጎዶሎ ከሆነ ወደ ምዕራብ ቀርባችኋል። 6413 የሚል ካያችሁ 64ኛው ጎዳና አካባቢ፣ ምዕራብ በኩል ናችሁ ማለት ነው።

በሰኔ 2018 ተራ መኪና ከፓርኩ መንገዶች ሙሉ በሙሉ ታገደ (ከታች ከተቀበሩት አራቱ በስተቀር)። ጥሩ እርምጃ ነበር። ግን ቦታውን ወዲያው ሌላ ነገር ሞላው። በሞተር የሚሄድ ብስክሌት በዛ። ምግብ የሚያደርሰው ወጣት በደቂቃ ስለሚቸኩል፣ ሕፃን የያዘችው እናት ስለምትፈራ፣ ሁለቱም እውነት አላቸው። በ2025 ከተማዋ ለኤሌክትሪክ ብስክሌት በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የፍጥነት ወሰን አወጣች። ማን ያስከብረዋል የሚለው ግን አሁንም ያከራክራል።

የፈረስ ጋሪው ደግሞ የከረረ ነው። ፈቃድ ያላቸው ጋሪዎች 68 ናቸው። በነሐሴ 2022 ራይደር የሚባል ፈረስ በሙቀት ማንሃተን መንገድ ላይ ሲወድቅ በስልክ ተቀርጾ ዓለም አየው፤ ከዚያ ወዲህ የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ጋሪ ይቅር እያሉ ነው። ባለጋሪዎቹና የሠራተኛ ማኅበራቸው እንጀራችን ነው፣ ፈረሶቻችንን እንንከባከባለን ይላሉ። ለዓመታት ከክርክሩ ርቆ የቆየው ኮንሰርቫንሲ በ2025 ወጥቶ ጋሪው ይቅር አለ። እኔ ፈረሱ ያሳዝነኛል፤ መኪና መሀል የፈረስ ቦታ አይታየኝም። ሆኖም አብዛኞቹ ስደተኛ የሆኑ ነጂዎች ሌላ ሥራ ሳይዘጋጅላቸው ውጡ ከተባሉ፣ ይህ ፓርክ የጀመረበትን መንገድ ይደግማል።

ወፎቹን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። በፀደይ ወደ ሰሜን፣ በመኸር ወደ ደቡብ የሚሰደዱ ወፎች ማንሃተንን ሲያልፉ የሚያዩት ትልቁ አረንጓዴ ይህ ስለሆነ ብዙዎቹ እዚህ ያርፋሉ። በየካቲት 2023 ፍላኮ የሚባል ትልቅ ጉጉት፣ አንድ ሰው አጥሩን ቆርጦለት ከፓርኩ መካነ እንስሳት አመለጠ። ሕይወቱን በሽቦ ቤት ውስጥ ያሳለፈ ወፍ ነው፤ ይራባል ተብሎ ተፈራ። እሱ ግን አይጥ ማደን ቻለ። አንድ ዓመት ሙሉ ከተማው ሲከታተለው ከርሞ በየካቲት 2024 ሞተ፤ ሲመረመር ሰውነቱ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የአይጥ መርዝ ጉዳይ የከተማዋ ምክር ቤት ድረስ ገባ።

ፓርኩ የፍትሕ ጠባሳም አለበት። በ1989 ፓርኩ ውስጥ በተፈጸመ አስገድዶ መድፈር አምስት ጥቁርና ላቲኖ ታዳጊዎች ተፈርዶባቸው ዓመታት ታሰሩ። በ2002 ጥፋተኛው ሌላ ሰው መሆኑ በዲኤንኤ ተረጋግጦ ፍርዱ ተሻረ፤ በ2014 ከተማዋ 41 ሚሊዮን ዶላር ከፈለቻቸው። በ2022 በሰሜን በኩል፣ በ110ኛው ጎዳና ላይ ያለ አንድ መግቢያ በነጻ የወጡ ሰዎች መታሰቢያ ሆኖ ተሰየመ። ብዙ ሳይዘገይ መደረግ ነበረበት።

ከላይ ደግሞ ጥላው አለ። ከፓርኩ በስተደቡብ ከቆሙት አዳዲስ ፎቆች አንዳንዶቹ ከ400 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሴንትራል ፓርክ ታወር ብቻውን 472 ሜትር ይረዝማል። ፀሐይ ዝቅ በምትልበት ክረምት ጥላቸው ፓርኩ ውስጥ ሩቅ ይገባል። ሰው እነዚያን አፓርታማዎች በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚገዛው ፓርኩን ለማየት ነው፤ የሕዝቡ ሜዳ የቤቱን ዋጋ ያንረዋል፣ ቤቱ ደግሞ የሕዝቡን ፀሐይ ይወስዳል። በ1987 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ባለቤት የነበሩት ጃክሊን ኬኔዲ ኦናሲስ ያሉበት ብዙ መቶ ሰው ጥቁር ዣንጥላ ይዞ ፓርኩ ውስጥ ተሰልፎ እንዲህ ያለ ፎቅ እንዳይሠራ ተቃውሞ ነበር፤ ያ ፕላን ተቀየረ። የአሁኖቹን ግን ማንም አላቆማቸውም። አብዛኛው ነገር በሕግ የተፈቀደ በመሆኑ ለመቃወም እንኳ መድረክ አልነበረም።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፣ ምክንያቱም የነገው ጥያቄ እሱ ላይ ነው። በ2025 በሰሜናዊው የፓርኩ ጫፍ፣ ሃርለም አጠገብ፣ ዴቪስ ሴንተር የሚባል አዲስ ማዕከል ተከፈተ። 160 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ በበጋ መዋኛ፣ በክረምት የበረዶ መንሸራተቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ዕድሳቱ ሀብታም ሰፈር ያለበትን ደቡቡን ያስቀድማል የሚል ቅሬታ ነበር፤ ይህ ሥራ ለቅሬታው መልስ ነው፣ ጥሩ መልስ። ግን ከገንዘቡ ትልቁን ድርሻ የሰበሰበው ኮንሰርቫንሲ ነው። በብሮንክስ ወይም በኩዊንስ ሰፈር መሀል ያለ ፓርክ እንዲህ ያለ ለጋሽ የለውም፤ መስኮቱን ከፍቶ የሚያየው ቢሊየነርም የለም። የሚጠብቀው የከተማዋን በጀት ነው።

ያ በጀት ደግሞ ከከተማዋ ጠቅላላ በጀት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ኤሪክ አዳምስ ለከንቲባነት ሲወዳደሩ 1 በመቶ አደርሰዋለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር፤ ሥልጣን ሲለቁ አልደረሰም። ለሴንትራል ፓርክ ለጋሾች በመኖራቸው የከተማዋ ካዝና ብዙ ወጪ ቀርቶለታል። ያ የተረፈ ገንዘብ በስሙ ተቆጥሮ፣ ተጽፎ፣ ለጋሽ ወደሌላቸው ፓርኮች መሄድ አለበት። በፓርኩ ውስጥ የሚታጠረውን፣ የሚፈቀደውንና የሚከለከለውንም የሚወስነው የከተማዋ ምክር ቤት መሆን አለበት፣ በሩን ከፍቶ፣ ሰው ገብቶ እየተናገረ።